በሰው አገር የገና ሰሞን፤ የእንግዳ ድርሻ ምንድር ነው?



እኛ ‹‹ክረምት›› ስንል በሰኔ የሚገባውን፣ ዝናብና ጭቃ የሚበዛበትን ወራት ማለታችን ነው። የአውሮፓ ሰዎች ግን ክረምት የሚሉት ጊዜ የሚውለው በእኛ በጋ፣ እህል ታጭዶ በሚወቃበት በታኅሣሥና በጥር ነው። በዚያን ጊዜ በእነርሱ ዘንድ ቀኑ ያጥራል፣ ብርዱ ይበረታል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ቤተ ሰብም ከየአለበት ይሰበሰባል። ከእኛም መካከል ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ የሄድን ይህን የዕረፍት ሰሞን በሰው አገር እናሳልፋለን። ጎረቤት ወይም የትምህርት ባልንጀራ ‹‹በበዓላችን ከቤታችን ና፤ ብቻህን አትዋል›› ብሎ ይጠራናል። ጥሪው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ጥያቄም ያስከትላል። ትርጉሙን የማናውቀው ሥርዓት ሲፈጸም ምን ማድረግ ይገባናል? እኛ በጾም ላይ ሳለን የፍስክ ማዕድ ቢቀርብልንስ? የዛሬው ትምህርታችን ይህን ይመለከታል።

ሦስት ዓይነት እንግዳ

ወደ ሰው አገር የሚሄድ ወጣት ከሦስት ዓይነት እንግዶች አንዱን ይሆናል።

አንደኛው ፌዘኛ እንግዳ ነው። ያየውን ሁሉ በራሱ ሚዛን ብቻ ይመዝናል። ሲመለስም ‹‹በዓላቸው ዛፍ ማብራትና ስጦታ መለዋወጥ ብቻ ነው›› ብሎ ያወራል። ይህ ሰው አገር አይቶ የመጣ ይመስለዋል እንጂ ያየው የቤቱን ደጅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ኮራጅ እንግዳ ነው። ይህኛው ሳይጠይቅ ይቀበላል። በከተሞቻችን በታኅሣሥ ፀሐይ ደምቃ በምትወጣበት ሰሞን በጥድ ቅርንጫፍ ላይ በረዶ እንዲመስል ጥጥ ስንበትን የምንውለው ከዚህ የተነሣ ነው። ዛፉን ያስለመዱት ጀርመንኛ ተናጋሪ ሕዝቦች በብርዱ ወራት ሌላው ዛፍ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ ሲቆም አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረውን መርጠው ወደ ቤታቸው አስገቡ። ለእነርሱ ነገሩ ትርጉም አለው። እኛ ግን ትርጉሙን እዚያው ትተን ጥጡን ብቻ አመጣን።

ሦስተኛው ጠያቂ እንግዳ ነው። ‹‹ይህ ምንድር ነው? ለምን ታደርጉታላችሁ? ከማን ተማራችሁት?›› ይላል። መልሱን ሰምቶ የሚቀበለውን ይቀበላል፤ የማይቀበለውንም በአክብሮት ይተዋል። ከዚህም በላይ የራሱን ሥርዓት ከበፊቱ አስተውሎ ማየት ይጀምራል። እንሁን የምንለው ይህኛውን ነው። እንዴት መሆን እንደሚቻል ግን በምሳሌ ብናየው ይሻላል፤ ስለዚህ ስዊድንንና ፖላንድን እንውሰድ። ከዚያ አስቀድሞ ግን በማንኛውም አገር የሚያጋጥመንን አንድ ጥያቄ እንመልስ።

ቀኑ ለምን ተለያየ?

‹‹እናንተ ገናን ለምን ዘግይታችሁ ታከብራላችሁ?›› የሚል ጥያቄ ያልቀረበለት በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ አይገኝም ማለት ይቻላል። መልሱን ማወቅ ይገባናል።

ጥንት የሮማ መንግሥት ይሠራበት የነበረው የዩልዮስ አቈጣጠር በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ይህም ዓመቱን ከፀሐይ ዑደት በ11 ደቂቃ ያህል ያስረዝመዋል። ጥቂት ትመስላለች፤ ነገር ግን በ128 ዓመት አንድ ቀን ትሞላለች። ስለዚህ የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 እ.ኤ.አ. አቈጣጠሩ እንዲታረም አዘዙ። በዚያ ዓመት የኦክቶበር 4 ማግሥት ኦክቶበር 15 ተባለ፤ 10 ቀን ተዘለለ። የእኛ አቈጣጠር የራሱ ወራትና የራሱ የዓመት ቍጥር ያለው ቢሆንም በየአራት ዓመቱ ሳያቋርጥ አንድ ቀን መጨመሩን ስለቀጠለ ልዩነቱ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። የእነርሱ ዲሴምበር 25 አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ታኅሣሥ 16 ይውላል፤ የእኛ ታኅሣሥ 29 ደግሞ በእነርሱ ጃንዋሪ 7 ነው። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ቢከበርም በእነርሱ አቈጣጠር ያው ጃንዋሪ 7 ይሆናል። በመሆኑም ‹‹ዘገያችሁ›› ለሚለን ‹‹አልዘገየንም፤ የምንቈጥርበት መጽሐፍ ልዩ ነው›› ብለን በፍቅር ማስረዳት እንችላለን።

ጌታ በተወለደባት በቤተልሔም እንኳ ልደት በዓመት ሦስት ጊዜ ይከበራል። ካቶሊኮች በዲሴምበር 25፣ የግሪክ ኦርቶዶክሶች፣ ቅብጦችና ኢትዮጵያውያን በጃንዋሪ 7፣ አርመኖች ደግሞ ልደትንና ጥምቀትን በአንድነት በጃንዋሪ 19 ያከብራሉ። ወደ ልደት ቤተ ክርስቲያን የሚያስገባው ዋናው በር እጅግ አጭር ስለሆነ ማንም ቢሆን ጎንበስ ሳይል አይገባም። ሦስቱም ማኅበር በዚያው በር ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ወደ ሰው ቤት ስንገባም እንዲሁ ዝቅ ማለት ይገባናል።

ስዊድን፤ በጨለማው ወራት የሚበራ ብርሃን

በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላም ትጠልቃለች። በሰሜኑ ጫፍ ደግሞ ለሳምንታት ጨርሳ የማትታይበት ጊዜ አለ። ይህን ሳናውቅ ስዊድኖች በየመስኮቱ መብራት የሚደረድሩበትን ምክንያት ልናውቅ አንችልም።

በዲሴምበር 13፣ ማለት በታኅሣሥ 4 ገደማ፣ ገና ሳይነጋ አንዲት ልጃገረድ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ወገቧን በቀይ መቀነት ታጥቃ፣ በራሷ ላይ የሻማ አክሊል ደፍታ ትመጣለች። ነጭ የለበሱ ጓደኞቿ እየዘመሩ ይከተሏታል። በየትምህርት ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሆስፒታሉና በየቤተ ክርስቲያኑ ይህ ይደረጋል። ቡናና በሳፍሮን ቢጫ የሆነ፣ ዘቢብ ጣል ጣል ያለበት ዳቦም ይቀርባል።

ላይ ላዩን ያየ ሰው ‹‹የልጆች ትርኢት ነው›› ብሎ ያልፋል። የጠየቀ ግን ሌላ ነገር ይሰማል። ልጃገረዷ የምትወክላት ቅድስት ሉሲያ በሲሲሊ ደሴት በሲራኩስ ከተማ የነበረች፣ በ304 እ.ኤ.አ. ገደማ በንጉሡ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን የተሠዋች ሰማዕት ናት። ቀዩ መቀነት ደሟን ያሳስባል ይላሉ። ስሟም ‹‹ብርሃን›› ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው። እኛስ ዲዮቅልጥያኖስን አናውቀውምን? ቤተ ክርስቲያናችን ዓመተ ሰማዕታትን የምትቈጥረው ይኸው ንጉሥ ከነገሠበት ከ284 እ.ኤ.አ. አንሥታ ነው። ስለዚህ በሩቅ ሰሜን በበረዶ መካከል ያየናት ልጅ የምታስታውሰው እኛም በስንክሳራችን የምንሰማውን የመከራ ዘመን ነው።

ከዚህም ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ስዊድን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሉተርን ትምህርት ከተቀበለች ወዲህ የቅዱሳን በዓላት አብዛኞቹ ቀርተዋል። የሉሲያ ግን ቀረ። በጥንቱ አቈጣጠር ያች ሌሊት የዓመቱ ረጅም ሌሊት ተብላ ትታወቅ ነበርና ሕዝቡ ብርሃን በሚናፍቅበት ሌሊት ብርሃን የተባለችውን ሰማዕት ሊረሳ አልወደደም። በየቤታችን በገና ሌሊት ጧፍ አብርተን ስንቆም ‹‹ለምን እናበራለን?›› ብሎ የጠየቀን ልጅ ይኖር ይሆን? ለእንግዳ ልንመልስ የምንችለው ለልጆቻችን ከመለስን በኋላ ነው።

እርግጥ ነው፣ ያየነው ሁሉ ሃይማኖታዊ አይደለም። በዲሴምበር 24 ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ቤተ ሰቡ በሙሉ በቴሌቪዥን የዶናልድ ዳክን የሥዕል ፊልም ሊያይ ይቀመጣል፤ ይህ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረግ ነው። በሩዝ ገንፎ ውስጥ አንድ ለውዝ ተደብቆ ማን እንደሚያገኘው ይጠበቃል። እንደዚህ ያለውን አብሮ መሳቅና አብሮ መጫወት ነው፤ ሃይማኖታዊ ትርጉም ፍለጋ መድከም አያስፈልግም።

የቤት ጠባያቸውንም ማወቅ ይጠቅማል። በተባለው ሰዓት መድረስ፣ ከደጃፉ ጫማ ማውለቅ፣ ከማዕድ ሲነሡ ባለቤቱን ማመስገን የግድ ነው። በሌላ ቀን ሲገናኙም ስለ ባለፈው ግብዣ ደግሞ ያመሰግናሉ። እኛ ዘንድ እንግዳ ‹‹በቃኝ›› ቢል ባለቤቱ ‹‹በሞቴ፣ ይቺን ብቻ›› ብሎ ያጎርሰዋል። እነርሱ ግን አንድ ጊዜ ‹‹አይ፣ አመሰግናለሁ›› ካልናቸው ቃላችንን አምነው ሳህኑን ያሳልፉታል። ይህ ንፉግነት አይደለም፤ የእንግዳን ቃል ማክበር ነው። የራበው ሰው እስኪለመን ቢጠብቅ ጦሙን ያድራል።

ፖላንድ፤ ያልተያዘው ወንበር

ወደ ፖላንድ ስንሻገር የዲሴምበር 24 ማታ ‹‹ቪጊሊያ›› ይባላል። ቃሉ ነቅቶ መጠበቅ ማለት ስለሆነ ከእኛ ዋዜማ ጋር አንድ መንፈስ አለው። ልጆች በመስኮት እያዩ የመጀመሪያዋን ኮከብ ይጠባበቃሉ። ኮከቧ ሳትታይ ማንም ወደ ማዕድ አይቀርብም። ከነጩ ገበታ ጨርቅ ሥር ጥቂት ድርቆሽ ይነጠፋል፤ ጌታ የተኛበትን ግርግም ለማሰብ ነው።

ማዕዱ ሥጋ የለበትም። ብዙ ቤተ ሰቦች እንደ ሐዋርያት ቍጥር 12 ዓይነት ምግብ ያዘጋጃሉ፤ የቀይ ሥር ሾርባ፣ ጎመንና እንጉዳይ፣ ዓሣ፣ በውኃ የበሰለ የደረቀ ፍራፍሬና ሌላም ሌላም። ቤተ ክርስቲያናቸው ዛሬ በዚያ ቀን ከሥጋ መከልከልን ግዴታ አላደረገችውም፤ ሕዝቡ ግን የአባቶቹን ልማድ ይዟል። እኛ ‹‹ፈረንጅ አይጾምም›› ብለን የምንናገር ሁሉ ይህን ልብ እንበል።

ከመብላታቸው በፊት የቤቱ ታላቅ ስስና ነጭ የሆነ፣ የልደት ሥዕል የታተመበት ቂጣ ያነሣል። ስሙ ኦፕዋቴክ ይባላል። አንዱ ከሌላው እየቈረሰ ይበላል፣ ይመራረቃል፣ የተጣላም ይታረቃል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህን ቂጣ ያየ ወጣት ቍርባን መስሎት ሊደነግጥ፣ እጁንም ሰብስቦ ባለቤቲቱን ሊያሳዝን ይችላል። ቂጣው ግን የተቀደሰበት ቍርባን አይደለም፤ የበረከትና የይቅርታ ቂጣ ነው፤ ለእኛ ጸበል ጸዲቅ የቀረበ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይህን ሁሉ ሐዘን ያስቀራል። በሌላ በኩል በእኩለ ሌሊት ‹‹የእረኞች ቅዳሴ›› ወደሚሉት ጸሎት አብረን ብንሄድ በአክብሮት ቆመን እንሰማለን እንጂ ወደ ቍርባኑ አንቀርብም። ይህንንም አስቀድመን ብንነግራቸው የሚቀየም የለም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው ግን ሌላ ነው። በዚያ ማዕድ ዙሪያ አንድ ወንበር ባዶ ይተዋል፤ በፊቱም ሳህንና ማንኪያ ይቀመጣል። ለማን ነው? ሳይታሰብ ደጅ ለሚመታ እንግዳ ነው። አገራቸው ከ1795 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. በሦስት ኃያላን ጎረቤቶች ተከፋፍላ ከካርታ ላይ ጠፍታ ነበር፤ ብዙዎችም ተሰደዋል፣ ተግዘዋል። ስለዚህ በዚያ ወንበር የራቁትንና የሞቱትንም ያስባሉ።

እኛ ይህን ስንሰማ ሩቅ አገር ያለን አይመስለንም። በገጠራችን መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ ‹‹የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ›› ይል ነበር። ባለቤቱም ከየት መጣህ ሳይል እግሩን አጥቦ፣ እራት አብልቶ ያሳድረዋል። አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ያደረገው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ። እኛ በከተማ የምንኖር፣ በራችንን ቈልፈን ገናን የምናከብር፣ ለእግዚአብሔር እንግዳ የተወነው ወንበር የት አለ? ከክፍለ ሀገር መጥቶ ብቻውን የተከራየ ተማሪ፣ ከቤተ ሰቧ ርቃ በጎረቤታችን ቤት የምትሠራ እኅት፣ ልጆቹ ውጭ አገር የቀሩበት ሽማግሌ በገና ቀን የት ይውላሉ? ፖላንዶች ይህን ጥያቄ ሳይናገሩ በአንድ ባዶ ሳህን ጠየቁን።

በጾም ላይ ያለ እንግዳ

የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። የእነርሱ በዓል የሚውለው በዚሁ በጾማችን መካከል ነው። በስዊድን ገበታ ላይ ደግሞ ዋናው ምግብ የአሳማ ሥጋ ነው። ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. በግብዣው ዕለት ሳይሆን ጥሪው እንደደረሰን እንንገራቸው። ‹‹መምጣት ደስ ይለኛል፤ እስከ ጃንዋሪ 6 ግን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልበላም፤ ጾም ነው›› ማለት ይበቃል። ዛሬ በአውሮፓ ከእንስሳት የሚገኘውን ምግብ ሁሉ የተዉ ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ነገሩ አያስቸግራቸውም። ድካሙን ካበሰሉ በኋላ መንገር ግን ያሳዝናቸዋል።

2ኛ. ባዶ እጃችንን አንሂድ። የምስር ወጥ ወይም ሽሮ በእንጀራ ይዘን ብንሄድ እኛም አንራብም፣ እነርሱም የጾም ምግባችንን ይቀምሳሉ።

3ኛ. የሚፈቀደውን በደስታ እንብላ። ድንች፣ ጎመን፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ በየገበታው አይጠፋም። ሥጋ የለበትም ማለት ግን ቅቤ የለበትም ማለት አይደለምና እንጠይቅ። ስለ ዓሣ ጥያቄ የሚነሣብን እንደሆነ ከእኅት ቤተ ክርስቲያን የሆኑት ቅብጦች በዚህ ጾም ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ዓሣ እንደሚበሉ እናውቃለን፤ እኛ ግን የንስሐ አባታችንን ጠይቀን እንደ ምክራቸው እናደርጋለን። የታመመም ሰው እንዲሁ ያድርግ።

4ኛ. በማዕዱ ላይ ስብከት አናብዛ። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 14 የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ አስተምሯል። የባለቤቱን ሳህን እያየ ፊቱን የሚያጠቍር ጿሚ ከሥጋ ተከልክሎ ሰው ያቈስላል። የሞቀ ቅመም ያለው ወይን ቢቀርብልንና የማንጠጣ ከሆንን ‹‹አመሰግናለሁ፣ ሌላ ይስጡኝ›› ማለት ነውር የለበትም።

የእንግዳ ዕዳ

ማዕድ የተካፈለ ሰው ባለ ዕዳ ነው። የምንከፍለውም በገንዘብ ሳይሆን በጥሪ ነው። የእኛ ገና ሲደርስ በተራችን እንጥራቸው። በስዊድን ጃንዋሪ 6 የሥራ ዝግ ቀን ነው፤ በፖላንድም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲሁ ሆኗል። ስለዚህ በዋዜማው ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ይዘናቸው ለመምጣት ያመቻል። ነጠላውን፣ ከበሮና ጸናጽሉን፣ ጧፉን ያያሉ። ይጠይቁናልም። በላሊበላ በቤተ ማርያም ካህናት ከላይና ከታች ሆነው ስለሚያሸበሽቡት ዝማሬ፣ እረኞች ልደቱን ሰምተው በደስታ ተጫወቱት ስለሚባለው፣ ጌታና ሎሌ እኩል ስለሚሰለፉበት የገና ጨዋታ መንገር እንድንችል እኛ ራሳችን አስቀድመን እንማር። ስለ ራሱ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ እንግዳ የተቀበለውን መመለስ አይችልም።

በእነዚያ አገሮች ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ብዙ ናቸው። የእነርሱ በዓል አልፎ ዛፉ ተነቅሎ ከተጣለ በኋላ፣ ሁሉም ወደ ሥራው በተመለሰበት ቀን፣ ከወደ ጎረቤት ‹‹ዛሬ የእኛ ገና ነው፤ ይምጡ፣ ቡና ተፈልቷል›› የሚል ድምፅ ቢሰሙ ምን ያህል ደስ ይላቸው ይሆን! ያን ጊዜ በሰው አገር እንግዳ የነበርነው ባለቤት እንሆናለን፤ ያልተያዘውን ወንበርም ከፖላንዶች ተምረን በኢትዮጵያዊ ቤት ዘረጋነው ማለት ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ብንፌዝ ሰውን እናጣለን፤ ብንኰርጅ ራሳችንን እናጣለን፤ ብንጠይቅ ግን ሁለቱንም እናገኛለን።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የምናከብረውን የገና ሥርዓት ለማያውቅ ሰው በአምስት ደቂቃ ለማስረዳት እንችላለን? እርስ በርሳችሁ ተፈታተኑ።
2. ከውጭ አገር ትርጉሙን ሳንጠይቅ የወሰድናቸው ልማዶች የትኞቹ ናቸው? የትኞቹን ብናቈይ፣ የትኞቹንስ ብንተው ይሻላል?
3. በጾም ላይ ሳለህ ፍስክ ቢቀርብልህ ባለቤቱን ሳታሳዝን ምን ብለህ ትመልሳለህ?
4. በሚመጣው ገና በቤታችን ያልተያዘውን ወንበር ለማን እንስጥ? እያንዳንዳችን የአንድ ሰው ስም አስበን እንምጣ።